የስሙኒ መልስ

ከስታዲየም ባቡር ጣቢያ፣ ከደረጃው ሥር፣
ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የሰው ቦርሳ ስበረብር፣
ያላየሁት የለም፦ የሐኪም ወረቀት፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ፣
እጀታ የሌለው መነጽር፣
በመሐረብ ጫፍ የታሰረ ብር።

አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን «ምን ጠፍቶህ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ፤
«የማይገኝ ነገር» ብላቸው፣ ስቀው ትከሻዬን መቱኝ።

ዘንድሮ መመሪያ ወጣ፦ «በጉዞ ጥበቃ ያለ ሁሉ
ኋላው ይጣራ» የሚል። ይጣራ አልኩ እኔም፤ ደግ አሉ።
ቀማኛ በር ላይ አይቁም፣
ፈታሽም ሳይፈተሽ አይክረም።

ከሠንጋ ተራ ማዶ፣ ሊፍቱ ከማይሠራበት ሕንጻ፣
አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣
ላቤ የወረዳውን ደብዳቤ አርሶ ማኅተሙ ሊነጻ።
አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ አኖርኩ፤
አላነበበኝም። «ጥረገው» አለች ልጅቷ፤ ጠረግኩ።
ደግሞም አላነበበኝም፤ በምራቄ አራስኩ።
በሦስተኛው ጢጥ አለ፤
እኔ የረሳሁት ማስረሻ ከነዕድሜው ብቅ አለ።

ማስረሻ ነው ስሜ፤
ለእናቴ ሐዘን ማስረሻ፣ ሲቀበር ታላቅ ወንድሜ።
እሷን እንጃ፤ ኮምፒውተሩን ግን አላስረሳሁትም።

በዘጠና ስድስት፣ ለገሃር፣ ከአንበሳው ሐውልት ማዶ፣
ዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ጉሮሮዬ በጩኸት ነዶ፣
«ሜክሲኮ! ሳር ቤት!» እያልኩ በር ላይ የምንጠለጠል
ወያላ ነበርኩ።
አንድ ባለኮት «መልስ» አለኝ፤ የስሙኒ መልስ።
«የለኝም» አልኩት። «አለህ» አለ። «የለኝም» አልኩ ስመልስ።
ቃል ቃልን ጠራ፤
ኮሌታው እጄ ላይ ቀረ፣
አዝራሩ ወደ ቱቦ ተንከባለለ ከሳንቲሙ ጋራ።

ጣቢያ አደርኩ። (ያም ጣቢያ ነው ስሙ፤ ይሄም ጣቢያ።)
ሲነጋ ከሳሹ ቀረ። ሳጅኑ ሻይ እየጠጣ «ሂድ» አለኝ።
በሩ ተከፈተልኝ፤
መዝገቡ ግን፣ ለካ፣ አልተዘጋልኝ።

ልጅቷን አውቃታለሁ።
ማታ ማታ ወደ አያት የምትሳፈር፣
ባለቢጫ ጃንጥላ፣ የምሳ ዕቃዋ ክዳን የማይገጥም፤
አምና ክረምት ጃንጥላዋን ረስታ
ሦስት ቀን ከወንበሬ ሥር ያስቀመጥኩላት።
እሷም አወቀችኝ። አንገቷን ደፋች።
«ጥፋት» ይላል አንዱ ዓምድ፤ «ቀን» ይላል፤ «ቦታ»፤
«ውሳኔ» የሚለው ባዶ ነው። «እስኪጣራ...» አለች በዝግታ።
«እስከ መቼ?» አልኳት።
መልስ የላትም።
ያኔ እኔም አልነበረኝም።

እንግዲህ ቅጹን ለሚያሻሽሉት፣ ካሉ፣
ትንሽ ነገር ልለምን፣ «ከዚያስ?» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ ስፋቱ አንድ ጣት ያህሉ።
ከዚያስ? ከዚያማ
ለባለቤቱ የመለስኩት ሃያ ሰባት ስልክ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ፤
በደመራ ማግሥት ከእናቱ የጠፋ ልጅ፣ እስክትመጣ
ኮፍያዬን ደፍቶ ትኬት ሲቆርጥ የዋለ።
ይህ የት ይጻፋል?
ወንፊት እንኳ ግርዱን ይዞ ዱቄቱን ያሳልፋል።
ይጣራ፤ አሁንም እላለሁ፣ ይጣራ።
ብቻ እኔ የምፈትሸው ሰው ይዞ የመጣውን ነው፤
እናንተ የምትፈትሹት
ጥዬ የመጣሁትን።

የአንድ ወር ጊዜያዊ ባጅ ሰጡኝ።
በማግሥቱ ምሽት፣ ካፊያ ነበር፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ፣
መጣች። ቦርሳዋን ራሷ ከፈተችው፦
ምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ የተጨማደደ ወረቀት።
ሌላ ቀን ቶሎ ትዘጋው ነበር።
«ስለዚያ ነገር...» ብላ ጀመረች፣
ባቡሩ ከላይ እየተንኳኳ ገባ፣
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ከኋላዋ ያለው ሰውዬ
ቦርሳውን ከፍቶ ቆሟል።